የድሮ የጎጃም ፎቶ እንዴት ይነበባል? «ወይ ጉድ!» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ መጣልኝ። ትንሽ የጣሊያን ታንክ መንገድ ዳር ተገልብጣለች። አጠገቧ ጋሻና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። ከሥሩ በደበዘዘ ጽሑፍ «ደምበ...» የሚል ይነበባል። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። «ደምበ» ብሎ የሚጀምር ቦታ ለኔ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፋት ደምበጫ። አላመነታሁም። «የኛ ሰዎች ደምበጫ ላይ የጣሊያን ታንክ ሲገለብጡ!» ብዬ ጻፍኩና ለዘመድ አዝማድ በተንኩት።

በማግስቱ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ደምበጫ አይደለም፤ ደምበጊና ነው። ቦታው ሽሬ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ደምበጊና ከተከዜ ማዶ ያለ መተላለፊያ ነው። የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ታንኮች እዚያ የገጠመው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ደምበጫ አካባቢም ውጊያ ተደርጓል፤ ግን የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። የሚያስቀው ነገር ደግሞ፣ ራስ እምሩ ያኔ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ወደ ሽሬ የዘመቱትም ከጎጃም ተነሥተው ነው። ስለዚህ «የኛ ሰዎች» ያልኩት ልክ ሊሆን ይችል ነበር። ቢሆንም ልክ የምሆነው በአጋጣሚ ነው። ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶ ሲመጣልኝ ቀጥሎ ያለውን አደርጋለሁ።

ደረጃ 1፦ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ

ቀልድ አይደለም። ሰዓት ያዙ። የድሮ ፎቶ ስናይ አፋችን ከዓይናችን ይቀድማል። «አይ የድሮ ሰው!»፣ «ምን ዓይነት ግርማ ሞገስ ነው!»፣ «ምስኪኖች!» እንላለን። እነዚህ ስሜቶች ናቸው፤ ክፋት የላቸውም። ግን ስለ ፎቶው ምንም አይናገሩም።

ወረቀት አውጡና በሦስት ክፈሉት። አንዱ ላይ «ያየሁት»፣ ሁለተኛው ላይ «የማውቀው»፣ ሦስተኛው ላይ «የምገምተው» በሉ። መጀመሪያ የሚሞላው «ያየሁት» ነው። ከላይ ከግራ ጥግ ጀምራችሁ እስከ ታች ቀኝ ጥግ ውረዱ። ፊት ላይ አትቸኩሉ። ፊት ሁሌም ዓይን ይስባል። ጠርዙን፣ ወለሉን፣ ጀርባ ያለውን፣ የተቆረጠውን ሰው እዩ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተሰቀለ የአያቴ ፎቶ አለ። ጥቁር በርኖስ ለብሰው፣ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ሁላችንም «አያታችን በአርበኝነት ጊዜ» እያልን ነው ያደግነው። አንድ ቀን ከግድግዳ አውርጄ «ያየሁት» የሚለውን መሙላት ጀመርኩ። ወለሉ ሊሾ ነው። ከጀርባ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ጎናቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። ግራ እጃቸው ላይ የእጅ ሰዓት። በመጋረጃው ጫፍ በኩል ደግሞ የአንድ ልጅ እጅ፣ እጅ ብቻ፣ መጋረጃውን ይዞ ይታያል።

ቢቸና ጫካ ውስጥ ሊሾና የፕላስቲክ አበባ ከየት ይመጣል? አክስቴን ጠየቅኋት። ሳቀች። «ጠመንጃው የጎረቤት ነው። የሱ ያን ጊዜ ተሽጧል፣ ለናንተ አባት ትምህርት። በርኖሱም የውሰት ነው» አለችኝ። አያቴ አርበኛ መሆናቸው እውነት ነው። ፎቶው ግን ከነጻነት ብዙ ዓመት በኋላ ከተማ ወርደው የተነሱት ነው። የሽማግሌ ሰው ትዝታ እንጂ የጦር ሜዳ ፎቶ አይደለም። ለኔ ከበፊቱ ይበልጥ ደስ አለኝ። ሰውየው ጠመንጃ ሸጠው ልጅ አስተምረው፣ ለፎቶ ጠመንጃ ተዋሱ።

ደረጃ 2፦ ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

ይኼ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የምንረሳውም እሱን ነው። በድሮ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። ማን እንደያዘው ካወቃችሁ፣ ምን ሊያሳያችሁ እንደፈለገም ታውቃላችሁ።

የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ከሆኑ፣ እንደ ቦያጂያን ያሉ አርመኖች ናቸው የሚታወቁት። ሥራቸው መኳንንቱን በማዕረግ ልብስ ማሳየት ነው። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ስለሄዱ፣ በአውሮፓ ከተማ ጀርባ የሚታዩበት ፎቶ ብታገኙ አትደንግጡ። ያ ጉዞ ነው።

ቀጥሎ ቆንስሎች አሉ። እንግሊዛዊው ቺዝማን ከ1918 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለዓመታት ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጧል። ያ ሰው ዓባይንና ጣናን በካርታ ለማስፈር ነው የዞረው። እንደዚህ ያለ ሰው ያነሳው ፎቶ ላይ ወንዙ ጎልቶ፣ ሰው አንሶ ይታያል። ሰው ካለም ብዙውን ጊዜ የገደሉን ከፍታ ለማሳየት የቆመ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ አትጨነቁ። ምንም አያደርግም፤ ሜትር ሆኖ ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ካሜራው ያን ጊዜ በዛ። የሙሶሊኒ መንግሥት ኢስቲቱቶ ሉቼ የሚባል የፊልምና የፎቶ ተቋም ነበረው። የጦሩን ሥራ እያሳመረ ያሳይ ነበር። የምታዩት መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ ባላባት መጥቶ እጅ ሲነሣ፣ ገበሬ መሣሪያ ሲያስረክብ ነው። እዚህ ላይ የማይታየውን ጠይቁ። በ1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ሠራዊት የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ በዚያ የፕሮፓጋንዳ ፎቶ ውስጥ የለም። ደግሞም ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም ላይ አመፁ ከበረታ በኋላ ጣሊያን ብዙውን ጊዜ ምሽጉና መንገዱ ላይ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ካሜራውም ምሽግና መንገድ ላይ ተወሰነ። ገጠሩ፣ የአርበኛው አገር፣ ፎቶ የለውም ማለት ይቻላል። አርበኞች በዱር ሳሉ የተነሱት ፎቶ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። ብዙው ከድል በኋላ፣ ሜዳሊያ ደረት ላይ ተሰክቶ፣ ወይ እንደኔ አያት በውሰት በርኖስ የተነሳ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ጎፈሬ ያለውና ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ በላይ ዘለቀ አይደለም። ይህን መናገር የሰለቸኝ ቢሆንም ደግሜ እላለሁ።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው፣ በበላያ በኩል ወደ ደጋው ወጡ። ከዚህ ጉዞ ከተረፉት ፎቶዎች አንዱ በጣም የታወቀ ነው። ደምበጫ ምሽግ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አብረዋቸው ከዘመቱት የእንግሊዝ መኮንኖች፣ ከብርጋዴር ሳንድፎርድና ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር ይታያሉ። በብዙ ቦታ አብሮት የሚዞረው መግለጫ ቀኑን በፈረንጅ ኤፕሪል 15፣ 1941 ይላል። በኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

እስቲ ቆም በሉ። ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነው። ደምበጫ ደግሞ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጡ በፊት የምታልፏት ናት። ታዲያ ደብረ ማርቆስ ከገቡ ዘጠኝ ቀን በኋላ ደምበጫ ምን ያደርጋሉ? ወይ ተመልሰው ሄደዋል፣ ወይ ቀኑ ፎቶው የተነሳበት ሳይሆን የተመዘገበበት ወይም የተለቀቀበት ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ግን «የምገምተው» በሚለው ሥር ነው የጻፍኩት፣ ያውም በእርሳስ። መግለጫ ላይ ያለ ቀን ቃለ ወንጌል አይደለም። መንገዱን ከምታውቁ ከእናንተ የተሻለ የሚመረምረው የለም።

ደረጃ 3፦ ዘመኑን አውጡ

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ለዩ። 1937 የሚል ቁጥር ብቻ ያለበት ፎቶ አገኛችሁ እንበል። በፈረንጅ ከሆነ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተፈጸመበት ዓመት ነው፤ በኛ 1929። በኛ ከሆነ ደግሞ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉበት ዓመት ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ገዳይ። ስለዚህ ቁጥር ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ አትተዉት። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል።

የጣሊያን ፎቶ ጀርባ ላይ የሮማ ቁጥር ካያችሁ፣ ያ የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። የሚጀምረው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ነው። በቀላሉ ለማውጣት ቁጥሩን በ1922 ላይ ደምሩት። የምታገኙት ያ የፋሺስት ዓመት ያለቀበትን የፈረንጅ ዓመት ነው። ለምሳሌ 14 ካለ፣ ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። የማይጨው ዓመት።

ቁጥር ከሌለ ዕቃ ይመሰክራል። ግን ዕቃ የሚነግራችሁ «ከዚህ ወዲህ» እንጂ «በዚህ ቀን» አይደለም። ውጅግራ ጠመንጃ ብታዩ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ሞዴሉ የ1874 እ.ኤ.አ.። ግን ስልሳ ዓመት ቆይቶም በሰው ትከሻ ላይ ነበር። ሴት አንገቷ ላይ ማርትሬዛ ካሠረች ደግሞ በማጉያ አይታችሁ «1780 ይላል!» ብላችሁ እንዳትጮሁ። ጠገራ ብር የትኛውም ዘመን ቢመታ የሚጻፍበት 1780 ነው። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ቅድመ አያቱን ከፎቶ መፈልሰፍ በፊት ፎቶ አስነስቷቸዋል።

መልክዓ ምድሩንም አንብቡ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ክፍለ ሀገር። ዛሬ የባሕር ዛፍ ጫካ የሆነ የጎጃም ኮረብታ ራቁቱን ከታየ ፎቶው ቀደም ያለ ሊሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? የአጥቢያው ሰው ቆርቆሮው መቼ እንደገባ ያስታውሳል፤ ያን ዕለት ድግስ ነበረና። የዓባይ በረሃ ላይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን በገመድ የተወጠረው አዲሱ ድልድይ ካለ ደግሞ ፎቶው ከ2000 ዓ.ም. ማለቂያ አይቀድምም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ብቻ ካያችሁ ግን ተዉት። ታንኳ ለመቶ ዓመትም አልተለወጠችም፤ ዘመን አትናገርም።

አንድ ምልክት ደግሞ በጣም እወዳለሁ። ግመል። ጎጃም ደጋ ላይ ወታደርና ግመል አብረው ከታዩ ወዲያው 1933 ዓ.ም.ን ጠርጥሩ። የንጉሡና የዊንጌት ጦር ዕቃውን ከሱዳን በብዙ ሺ ግመል ነው የጫነው። ግመሎቹ ዳገቱንና ብርዱን አልቻሉም። አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች የግመሉን ሽታ ከተኩሱ ይልቅ ያስታውሱ እንደነበር አያቴ ይነግሩን ነበር።

የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ወረቀቱን ገልብጡት። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ «ለማስታወሻ ይሁንልኝ» የሚል ነገር ይኖራል። በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ የሄዱ ልጆች ከካምፕ የላኩት ጉርድ ፎቶ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ ግጥም አለው። ፊቱን ስካን አድርጎ ጀርባውን የሚተው ሰው ግማሹን ጥሎታል።

ደረጃ 4፦ ልብስና አቋቋም

እዚህ ላይ ከውጭ ተመራማሪ እኛ እንሻላለን፤ ከተጠቀምንበት። ኩታውን ወገቡ ላይ አደግድጎ የቆመ ሰው ከፊቱ የሚያከብረው ሰው አለ፤ ያ ሰው ፎቶው ውስጥ ባይታይም። ስለዚህ ያደገደጉትን ሰዎች ዓይን ተከትላችሁ ሂዱ። የት ያያሉ? ወደ ካሜራው ከሆነ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ጌታ ነበር ማለት ነው።

ጎራዴው በቀኝ ወገብ ከታየ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል ብላችሁ አትቸኩሉ። የኛ ሰው ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ነው። በግራ ከታየ ነው መጠርጠር ያለባችሁ፤ ፎቶው ተገልብጧል ወይም ባለ ጎራዴው የፈረንጅ ሥርዓት የተከተለ ሹም ነው። ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ከሆነም «ድሃ ነው» አትበሉ። በድሮው እርካብ የሚገባው አውራ ጣት ብቻ ነበር። ባለ ማዕረግም ባዶ እግሩን ይጋልብ ነበር።

ረጅም ጠርቡሽ አድርጎ፣ ወገቡን በቀለም መቀነት የታጠቀ ወታደር ካያችሁ ደግሞ አርበኛ ብላችሁ አትለጥፉበት። አስካሪ፣ ማለት ለጣሊያን የተቀጠረ የቅኝ ግዛት ወታደር ሊሆን ይችላል። «ባንዳ» ብላችሁም ለመሳደብ አትሩጡ። ከዚያ ሰው መካከል ከነጠመንጃው ወደ ዱር የገባም ነበር። ፎቶው የአንድ ቀን ነው።

«ለምን ተኮሳተሩ?» የሚለው አስተያየትም ይሰለቸኛል። ፎቶ መነሳት ቁም ነገር ነበር፤ በቁም ነገር ላይ አይሳቅም። በቃ።

ደረጃ 5፦ ትልቅ ሰው ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ

ፎቶውን በትልቁ አሳትሙ። በስልክ አታሳዩዋቸው፤ ዓይናቸው አይችልም፣ ጣታቸውም ሲነካው ምስሉ ይሸሻል። ጠዋት፣ ብርሃን ባለበት፣ ቡና ላይ ይሻላል። መግለጫውን ግን አትንገሯቸው። «ይሄ የቡሬ ገበያ ነው፣ አይደል?» ብትሏቸው ላለማሳፈር «አዎ» ይሏችኋል። «ምን ይታይዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙሉት።

አንድ ጊዜ የቆሎ ተማሪ ፎቶ ይዤ ዋሸራ የተማሩ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄድኩ። የውጭ ሰው ያነሳው ነው፤ ዓመቱ አልተጻፈም። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ታቅፎ ቆሟል። እኔ ፎቶውን ከሰጠኋቸው ሰዎች ሁሉ የሰማሁት «እንዴት ያምራል!» ነበር። የኔታ ግን ትንሽ አዩትና «ዱላውን ማን ወሰደው?» አሉ።

«የምን ዱላ፣ የኔታ?»

«የቆሎ ተማሪ ያለ ዱላ? ውሻ ይበላው የለም እንዴ! ደግሞ ይሄ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ቅኔ የሚቆጥር ልጅ መጽሐፍ አይሸከምም። ቅኔ በአፍ ነው።»

ከዚያ ሳቁ። «ፎቶ አንሺው ዱላውን ቀምቶ መጽሐፍ ሰጠው» አሉ። እኔ ያን ፎቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው አንድም ቀን ዱላ አልፈለግኩም።

የጦር ፎቶ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይኑራችሁ። ሳይዘጋጁ የሞተ ሰው ፎቶ ፊታቸው አትዘርጉ። መጀመሪያ በቃል ንገሯቸው፤ ማየት የማይፈልግ አለ። እምቢ ካሉ ፎቶውን መልሱና ቡናችሁን ጠጡ። ከፈቀዱላችሁ ደግሞ ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹ። ስም፣ ቦታና ዝምድና ሲጠሩ በማስታወሻ ከመያዝ ድምፁ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ፍለጋ

ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ምስሉን አስገቡና ሌላ የት እንደታየ እዩ። የምትፈልጉት ጥንታዊውንና ያልተቆረጠውን ቅጂ ነው። ሰው ሲያጋራ ጠርዝ ይቆርጣል፤ ጠርዙ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ያለው። የሉቼ ማኅደርና የለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም በኢንተርኔት ይፈለጋሉ። ጣሊያኖች የቦታ ስማችንን በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚጽፉት፤ ጎጃምን በመካከሉ «ጂ»ን ሁለት ጊዜ ደርበው ይጽፉታል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ በቀድሞ ስሟ፣ በመንቆረር፣ ልትጠራ ትችላለች። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወመዘክርን፣ አትርሱ።

ደረጃ 7፦ የማይጋራውን ለዩ

የተሰቀሉ ሰዎች፣ የተቆረጠ ጭንቅላት የያዙ ወታደሮች፣ የጣሊያን ወታደር ለወዳጁ ለመላክ ያነሳቸው ራቁታቸውን የቆሙ የኛ ሴቶች። እንዲህ ያለው ብዙ ነው። «ታሪክ ነው» ብሎ ሁሉንም መበተን ቀላል ነው። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ያነሳው ሰው ለምን አነሳው? ለማዋረድ ከሆነ፣ እኔ ሳጋራው ሥራውን እየጨረስኩለት ነው።

ወንጀሉን ማሳየት ካስፈለገ በጽሑፍ ይነገራል፤ ወይም ፊቱ ይሸፈናል፤ ወይም ወታደሩ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። የሴቶቹን ግን በጭራሽ አላጋራም። እነሱ የአንድ ሰው አያት ናቸው። ያ ሰው ምናልባት ሞጣ ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ቅጂና አያያዝ

ወረቀቱ ቤታችሁ ካለ ላሚኔት አታስደርጉት። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ በሚያጣብቅ አልበም ውስጥም አታስገቡት። ስካነር ካለ ትንሽ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ይበቃዋል። ከሌለ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት። ፍላሽ አጥፉ፤ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ፊቱንም ጀርባውንም። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል።

አሁን ፋሽን የሆነውን «ቀለም ቀቢ» መተግበሪያ በተመለከተ አቋሜ ግትር ነው። ማሽኑ ቀለሙን አያውቅም፤ ይፈጥረዋል። የአያቴ እናት ከል ለብሰው የተነሱትን ፎቶ የአጎቴ ልጅ በዚያ ቀብቶ ላከልን። ከሉ ወይን ጠጅ ሆኖ መጣ። የሐዘን ፎቶ የሠርግ ፎቶ መሰለ። «ጥራት ጨምር» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የደበዘዘውን ፊት አያጠራም፤ ሌላ ፊት ይተካል። ከቀባችሁ እንኳ «የተቀባ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ዋናውንም አብራችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ አሁን ተናገሩ

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ «ወይ ጉድ!» ማለት ይቻላል። አስተያየት ስትጽፉ ሦስቱን ክፍሎች አትቀላቅሉ። ያያችሁትን እንዳያችሁት፣ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ፣ የገመታችሁትን «ይመስለኛል» ብላችሁ ጻፉ። ያልታወቀውንም ክፍት ተዉት፤ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ያየዋል። እኔ ለግድግዳው ፎቶ የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

«አያቴ። ጥቁር በርኖስ (የውሰት)፣ ጠመንጃ (የጎረቤት)፣ የእጅ ሰዓት። ደብረ ማርቆስ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ከነጻነት በኋላ፤ 1950ዎቹ ዓ.ም. ይመስለኛል። በጠላት ጊዜ ቢቸና በኩል አርበኛ ነበሩ። ያወራችው አክስቴ፣ በቡና ላይ። ያልታወቀ፦ ቀኙን የመጋረጃ ጫፍ የያዘው ልጅ ማን ነው?»

አክስቴ አባትህ ነው ትላለች። አባቴ ደግሞ «እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ እሷ ናት» ይላል።